ብዙ ቀን የሚፈጀው ቀለም

ፍቅር የያዘው ሰው ሰዓት ይጠላል ይባላል። ጓንቴ የጠላችው ግን የደረቀ ቀለም ነበር። ቀለም ሲደርቅ ሥራ ያልቃል፤ ሥራ ሲያልቅ መኪናው ከጋራዥ ይወጣል፤ መኪናው ሲወጣ ባለመኪናውም አብሮ ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ ያለውን እሷ አታስበውም፤ እኛም ለጊዜው አናነሳባትም።

ላላወቃችኋት፣ ጓንቴ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለው ጋራዥ የአሮጌ መኪኖችን የውስጥ ቀለም የምትቀይረው ልጅ ናት። ስሙን ያወጡላት ሜካኒኮቹ ናቸው፤ ያለ ጓንት አንዲት ብሎን አትነካም ብለው። ጋራዡ የአጎቷ ነው። እናቷ ስትሞትባት ወስዶ ያሳደጋት እሱ፣ ሙያ ያስያዛትም እሱ ነው። ትምህርቱ ሲጨመቅ ደግሞ አንድ ነገር ነው፤ ሳይደርቅ አትደርቢ። ዳሽቦርድም ይሁን የበር ልባስ በሳሙና ይታጠባል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል፣ ከዚያ ቀለሙ ስስ ተደርጎ ይረጫል፣ እስኪደርቅ ይጠበቃል፣ እንደገና ስስ ተደርጎ ይረጫል። እርጥብ ላይ እርጥብ የደረበ ሰው ጉዱን ያያል።

መኪናው አሮጌ ነው፤ ግን የተከበረ አሮጌ። ውጪው ነጭ ነው፤ ውስጡ ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ነበር። ዳሽቦርዱ ሰማያዊ፣ በሮቹ ሰማያዊ፣ የማርሹ ዙሪያ ሳይቀር ሰማያዊ። የገዛው የባለመኪናው አባት ነው። አባትየው ሲያርፍ መኪናው ዳገቱ ላይ ካለው ሰፊ ግቢያቸው ውስጥ ሸራ ለብሶ ቆመ። ልጁ ጠበቃ ነው። ፍርድ ቤት ሲቆም ዳኛ ያስደምማል አሉ፤ ጋራዥ ሲመጣ ግን ምላሱን በር ላይ አስቀምጦ የሚገባ ይመስል ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ስለ ቀለም ጥያቄ አበዛባት። ጥቁር ምን ያህል ይፈጃል? ጥቁር ቀላል ነው አለችው፣ ሰማያዊውን ወዲያው ይውጠዋል። ግራጫስ? ትንሽ ይዘገያል። ነጣ ያለ ቡናማስ? እሱማ መከራ ነው አለችው፤ ሰማያዊው ከሥር እንዳይወጣ መጀመሪያ ሌላ መደብ ቀለም ይፈልጋል፣ ከዚያ ደጋግሞ መርጨት፣ ደጋግሞ መጠበቅ። ሰውየው ጥቂት አሰበና ነጣ ያለ ቡናማ ይሁን አለ። የሀብታም ልጅ አምሮት ነው ብላ በሆዷ ሳቀች።

ከዚያ ወዲህ ያለው ጊዜ በሕልም ውስጥ ያለፈ ይመስላታል። የምትሠራው አቧራ እንዳይገባ ዙሪያውን በነጭ ላስቲክ በተጋረደ ጥግ ውስጥ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ላስቲኩ ብርሃኑን ያለሰልሰውና ውስጡ ያለው ሁሉ ወተት የነካው ይመስላል። ቆርቆሮ የሚያቃናው የባትላሜራው መዶሻ ከሩቅ ይሰማል። የተነቀሉት የበር ልባሶች እንደታጠበ ልብስ ሽቦ ላይ ተሰቅለው ቀስ ብለው ይወዛወዛሉ። እሱ ከፍርድ ቤት ሲወጣ ይመጣል፣ ከረባቱን አጥፎ ኪሱ ይከታል፣ ባዶ የቀለም ቆርቆሮ ላይ ቁጭ ይላል። ብዙም አያወራም፤ እሷም ብዙ አታወራም። ቀለሙ እስኪደርቅ ሁለቱም ይጠብቃሉ፤ ሁለቱም ግን ባይደርቅ ይወዳሉ።

አንድ ቀን ተነስቶ መሪው ጋ ተቀመጠ። እሷ የኋላ ወንበር ላይ ተንበርክካ የመስኮቱን ዳር በወረቀት ትሸፍናለች። መኪናው ጎማው ወልቆ ድንጋይ ላይ ነው የቆመው። ወዴት ልውሰድሽ አላት። ሰው ወደማያውቀን ቦታ አለችው። መሪውን ዞር አደረገው። ከላስቲኩ ማዶ ያለው ጋራዥ ጠፋ። ዛፍ የበዛበት መንገድ መጣ፣ ድልድይ መጣ፣ ሐይቅ መጣ። እሱ አየሁ የሚለውን ይነግራታል፣ እሷ የጎደለውን ትሞላለታለች፤ ሐይቁ ላይ ጀልባ ጨመረችበት፣ ጀልባው ላይ ማንም እንዳይኖር አደረገች። ቀና ስትል የኋላ ማሳያው መስታወት ውስጥ ዓይኖቹን አገኘቻቸው። ማን ቀድሞ ዓይኑን እንደሰበረ አላወቀችም። ያን ቀን ቤቷ የገባችው በእግሯ ይሁን በሌላ ነገር እሷም አታስታውስም።

እንግዲህ ከዚያ በኋላ ነው ማዘግየት የጀመረችው። ሁለቴ መረጨት የሚበቃውን ሦስቴ፣ ሦስቴ የሚበቃውን አራቴ ትረጫለች። የደረቀውን በጣቷ ነካ አድርጋ ገና ነው ትላለች። አጎቷ አንድ ጠዋት ላስቲኩን ገልጦ ይኼ ዳሽቦርድ ነው ወይስ ሽንኩርት፣ ስንት ልብስ ነው የምታለብሺው ብሎ ጠየቃት። ሰማያዊው አልጠፋ እያለኝ ነው አለችው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። አጎትየው ስቆ ሄደ። ተመልሶ ሲመጣ ግን አልሳቀም። ይህ ልጅ ሲመጣ አያለሁ አላት፣ አንቺን ይዞ ሲወጣ ግን አይቼ አላውቅም።

ነገሩ አጥንቷ ድረስ ገባ፤ እውነት ነበርና። ከላስቲኩ ውጪ አንድ ጊዜ ነው የተገናኙት፣ ያውም በአጋጣሚ፣ ፍርድ ቤቱ በር ላይ። ከባልደረቦቹ ጋር ነበር። ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ፣ ጉዳይ ያለበትን ሰው እንደሚሰላም፣ ሰላም ብሏት አለፈ። በማግስቱ መጥቶ ቆርቆሮው ላይ ተቀመጠ። እሱ ምንም አላለም፤ እሷም ዋጥ አደረገችው።

ነገር የተለወጠው እናትየው የመጡ ዕለት ነው።

እናቱን ጋራዡ ሁሉ እሜቴ ነው የሚላቸው። ሐሙስ ጠዋት በታክሲ መጡ፤ ጥቁር ሻላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ዘይት የፈሰሰበትን መሬት ተጠንቅቀው እየረገጡ። ጓንቴ ላስቲኩን ገልጣ አስገባቻቸው። የመኪናውን በር ከፍተው ቆመው አዩ። ወንበሮቹ አልቀዋል፤ የሹፌሩ በርና የኋላ በሮቹ አልቀዋል፤ የቀረው የፊተኛው ተሳፋሪ በርና የዳሽቦርዱ የመጨረሻ ቀለም ነበር። እሜቴ ያልተነካውን ሰማያዊ በር በመዳፋቸው ዳሰስ አደረጉት። እኔ ጥቁር ነበር ያልኩት አሉ፣ ቀስ ብለው። ጓንቴ ግራ ገባት። ጥቁር ይሁን ያላት ሰው የለም።

ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። ቁጣ የለባቸውም፤ ቢኖርባቸው ይሻላት ነበር።

«ልጄ፣ ቅዳሜ የወዳጄ ልጅ ከውጭ ትገባለች። የእኔው ልጅ በዚህ መኪና ሄዶ ነው የሚቀበላት። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ቤተሰብ ለቤተሰብ ተነጋግረናል።» ቱታዋን አዩት። «ይኼ ቡናማ የልጄ እጅጌ ላይም አለ። ካየሁት ሰንብቻለሁ። ክፉ ሰው እንዳልሆንሽ ይታየኛል። ጨርሺልኝ።»

ሄዱ። ጓንቴ እዚያው የመኪናው በር ላይ ቆማ ቀረች። የእሜቴ ንግግር አይደለም ያቃጠላት፤ እናት ናቸው፣ የእናት ነገር ነው የተናገሩት። ያቃጠላት እሱ ማወቁ ነው። ሐይቅና ድልድይ ሲያሳያት፣ ቅዳሜ የምትመጣውን ሴት እያወቀ ነበር።

ሐሙስ አልመጣም። ዓርብም ቀረ፤ ለካስ ለሥራ ከከተማ ወጥቶ ነበር። እሷ ይህን አታውቅም፤ ያወቀችው አለመምጣቱን ብቻ ነው። ዓርብ ከምሳ በኋላ ተነሳች፤ ጨርሼ ላስወጣው፣ ከዓይኔ ይጥፋ አለች። ዳሽቦርዱን ረጨችው። ቆማ መጠበቅ አቃታት። ዝም ብላ ስትቆም ታስባለች፣ ስታስብ ታለቅሳለች። ስለዚህ እርጥቡ ላይ ደግማ ረጨች። ደግሞም ጨመረች።

መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ጥቂት ቆይቶ ቀለሙ እንደ ፈላ ወተት ቆዳ ተሸበሸበ፤ ከሹፌሩ ፊት ጀምሮ እስከ ወዲያኛው ጫፍ። ጓንቴ አፏን በእጇ ያዘች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ ይህ ግን የሚለቀምም አይደለም፤ እስከ ሥሩ ተልጦ እንደገና መጀመር ነው። አጎቷ መጥቶ አየው። እንደሚቆጣ ጠብቃ ነበር። እሱ ግን ወደ ዳሽቦርዱም ብዙ አልተመለከተ፤ ማነው እንዲህ ያስቸኮለሽ ብሎ ብቻ ጠየቃት። ያን ጊዜ ነው እንባዋ የመጣው።

ቅዳሜ ጠዋት ባለመኪናው መጣ። የክት ልብሱን ለብሷል፣ ፊቱ ግን እንቅልፍ ያጣ ሰው ፊት ነው። መኪናው ጎማው ታስሮ፣ ታጥቦ፣ በሩ ላይ ቆሟል። ጓንቴ ቁልፉን ዘረጋችለት። ውሰደው አለችው። እሱ ውስጡን አየ፣ የተሸበሸበውን ዳሽቦርድ በጣቱ ነካው፤ ማን እንዲህ አደረገው አለ። እኔ አለችው፤ ሳይደርቅ ደረብኩበት። አላመነም። ስለ ሥራዋ የማያውቀው ብዙ ነው፤ ይህንን ግን እንደማታደርግ ያውቃል።

እናቱ መጥተው እንደነበር ነገረችው። የተናገሩትን ሁሉ ሳትጨምር ሳትቀንስ ነገረችው።

«እሺ አላልኳትም፤» አለ።

«እምቢም አላልክ።»

«አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴን እምቢ ብያት አላውቅም። ዝም ካልኩ ያልፋል ብዬ ነው።»

«ዝም አይነቅዝም ይባላል፤» አለችው። «ውሸት ነው። ያንተ ዝምታ ነቅዟል። የነቀዘውን የምበላው ደግሞ እኔ ነኝ። ፍርድ ቤት በር ላይ በልቼዋለሁ፣ ሐሙስ እናትህ ፊት ቆሜ በልቼዋለሁ። በቃኝ።»

ሰው ሁሉ አፉ ሲዘጋ ልቡ ባዶ ይመስለናል፤ ጠበቃው ግን የሚናገረው በዝቶበት ነበር፣ የቱን እንደሚያስቀድም ነው የጠፋው። በመጨረሻ የጀመረው ከመጀመሪያው ነው።

«የታዘዝኩት ጥቁር ነበር። እናቴ ሰማያዊውን ማየት አቅቷት፣ ጥቁር አድርገህ አምጣልኝ አለችኝ። እዚህ መጣሁ። አፍሽ ላይ ያለውን መሸፈኛ ዝቅ አድርገሽ ጥቁር ወዲያው ያልቃል አልሽኝ። ወዲያው እንዲያልቅ አልፈለግሁም። ብዙ ቀን የሚፈጀውን እስክትነግሪኝ ጠየቅኩሽ፣ እሱን መረጥኩ። ቡናማ ወድጄ አላውቅም።»

ጓንቴ አየችው። አምሮት ነው ብላ የሳቀችበት ነገር፣ ያ ሁሉ ጥያቄ፣ ለካ እሷ ጋ ለመቆየት ነበር። ተናድዳ መቆየት ፈለገች። አንጀቷ እምቢ አላት።

«ቡናማውም እኮ ይህን ያህል አይፈጅም ነበር፤» አለች፣ ወደ መሬት እያየች።

ነገሩ እስኪገባው ትንሽ ቆየ። ሲገባው ሳቅ መጣው፣ ሳቁ መሃል ላይ ዓይኑ እንባ ሞላ። እሷም ያው ሆነች። ጋራዡ በር ላይ፣ ሜካኒኮቹ እያዩ፣ ሁለት ትልልቅ ሰዎች እየሳቁ አለቀሱ። ከዚያ ያልተቀየረውን ሰማያዊ በር ከፈተና ግቢ አላት። ወዴት አለችው። ቤት፣ እናቴ በር ላይ ቆማ እየጠበቀችኝ ነው አላት። ቱታዋን አሳየችው፤ እንዲህ ሆኜ? እንዲሁ ሆነሽ አላት። አጎቷ ኮፈን ውስጥ ካቀረቀረበት ሳይነሳ፣ ሂጂ፣ ካልሆነም ዳሽቦርዱን ለመላጥ መመለስሽ አይቀርም አለ። ድምፁ ግን ሻክሮ ነበር።

መኪናው ዳገቱን ሲወጣ ጓንቴ እውነት መሆኑን ተጠራጠረች። ጥላ የወደቀበት መንገድ በመስኮቱ ያልፋል፤ አጥሮች፣ አበባ የወጣባቸው ግንቦች፣ መንገድ ዳር የቆሙ ሰዎች ሁሉ ቀስ ብለው ወደ ኋላ ይሄዳሉ። እሱ በአንድ እጁ ይነዳል፣ ሌላው እጁ ማርሹ ላይ ነው፣ በእሷ ጉልበትና በእጁ መካከል ያለው ቦታ አንድ ስንዝር አይሞላም። ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመጣ ግን የዳሽቦርዱ ሽብሽብ አንድ በአንድ ይታያል። በሁለት እጇ ልትሸፍነው አማራት። ፈራች። የፈራችው መሰደብን አይደለም፤ ስድብ ጋራዥ ውስጥ ሞልቷል። የፈራችው ግቢው በር ላይ ሲደርሱ እሱ እንደገና ዝም እንዳይል ነው።

እሜቴ በር ላይ ቆመዋል። ጥሩ ቀሚሳቸውን ለብሰዋል፣ ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል፤ አውሮፕላን ማረፊያ አብረው ሊሄዱ ነው። መኪናው ሲቆም የፊተኛው ወንበር ላይ የተቀመጠውን ሰው አዩ። ጓንቴ ወዲያው ወረደች። በዚያ ቤት የፊት ወንበር የእናት ነው፤ እሜቴ ካሉ ሌላው ከኋላ ነው፤ ይህን እሱ ራሱ አጫውቷታል። ወርዳ በሩን ለእሳቸው ያዘችላቸው። እሳቸው አልተንቀሳቀሱም።

እሱ ዞሮ መጣ። ጓንቴ ዝም ሊል ነው ብላ ዓይኗን ጨፈነች።

«እማዬ፣ እንግዳዋን ሄደን እንቀበላታለን። ሻንጣዋን እሸከምላታለሁ። የማገባት ግን ይቺን ነው።»

«እሺ ብላሃለች?» አሉ እሜቴ።

«ገና አልጠየቅኳትም።»

እሜቴ ልጃቸውን ከላይ እስከ ታች አዩት። ጠበቃ ተብለህ አሉት፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ። ከዚያ ወደ ጓንቴ ዞሩና ይህን ያህል ጊዜ የፈጀው ቀለሙ ከሆነ እንድትነግራቸው ጠየቋት። መዋሸት ትችል ነበር። ስለ መደብ፣ ስለ እርጥበት፣ ስለ ፀሐይ ብታወራ ማንም አያውቅባትም።

«ቀለሙ አይደለም እሜቴ፤» አለች። «ቀለሙ ቶሎ ይደርቃል። እንዳይሄድብኝ ብዬ ያዘገየሁት እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ።»

እሜቴ ጎንበስ ብለው ወደ ውስጥ አዩ። ይህንንስ አሉ፣ ዳሽቦርዱን እያሳዩ። ተናድጄ ነው ያበላሸሁት አለቻቸው። በእኔ? አይደለም፣ በልጅዎ። እሱስ ያናድዳል አሉ እሜቴ፤ ከአፋቸው ያመለጠ ይመስል ነበር። እሜቴ የፊተኛውን ወንበር አዩት። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ እዚያ ተቀምጠው አያውቁም። እጃቸው ወደ ወንበሩ ተዘረጋ፣ ቡናማውን ሳይነካው ተመለሰ። ፊታቸው ላይ ያለፈውን ጓንቴ አየችው፤ መሪው ጋ የባሏን ቦታ ሌላ ሰው ይዞት እያየች አጠገቡ መቀመጥ ያቃታት ሴት ፊት ነበር። በዚያች ሰዓት ወደደቻቸው።

እሜቴ የኋላውን በር ራሳቸው ከፍተው ገቡ። ቀሚሳቸውን አስተካከሉ። ምን ትቆማላችሁ፣ ሰው እያስጠበቅን ነው አሉ።

ጓንቴ ጎናቸው ልትቀመጥ ዞራ ሌላውን የኋላ በር ከፈተች። እሜቴ ቦርሳቸውን አንስተው ባዶው ቦታ ላይ አስቀመጡት።

«እዚህ አይደለም፤» አሉ። «እዚህ ስንመለስ እንግዳዋ ናት የምትቀመጠው፣ ከእኔ ጋር። አንቺ ቦታሽ ግቢ።»

ጓንቴ በሩን ዘጋች። ወደ ፊት ዞራ ገባች። ባለመኪናው ሞተሩን አስነሳ። በዝግታ፣ እሷ ብቻ እንድትሰማው፣ መጠየቅ የነበረበትን ጠየቃት። እሺ ልትለው አፏን ከፈተች፤ እንባዋ ቀደማት። መንገዱ፣ ዛፎቹ፣ ሰዎቹ ሁሉ ውሃ ውስጥ ያሉ ይመስል ነበር። አልጠረገችውም። ከኋላ እሜቴ እሺ ብላሃለች፣ መንገድ መንገዱን እይ አሉት።